የአዋላጇ ብረት

ድንቅቱ ሆርዶፋ ቀኝ ጉልበቷ የተሰበረው በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ፣ አምቦ ላይ ነው። ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከተማው ታውኳል፤ ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል፤ ከወዲያ ማዶ ተኩስ ይሰማል። ከክፍል ጓደኛዋ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ሁሉቃ ወንዝ ሮጡ። ድልድዩ ሥር ዱላ የያዙ ሰዎች ቀድመው ወርደው ኖሮ ጠበቋቸው። ጓደኛዋ ድንጋዩ አዳልጧት ውኃው ላይ ተደፋች። ድንቅቱ ልታነሳት ስትጎነበስ ዱላው ጉልበቷ ላይ አረፈ።

«ድምፁን ሰማሁት» ብላኛለች። «የደረቀ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ሕመሙ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው።»

ሁለተኛው ምት ጀርባዋ ላይ፣ ሦስተኛው እዚያው ጉልበቷ ላይ አረፈ። ጓደኛዋ ከዚያ ወንዝ አንድ ዓይኗን አጥታ ወጣች። ማን እንደመታቸው እስከ ዛሬ አያውቁም። ድንቅቱ ቀና ብላ ፊቱን አላየችም፤ ያየችው ጫማውን ብቻ ነው፣ ጭቃ የጠገበ ቡናማ ጫማ።

ይህን የምነግራችሁ እኔ ቀጀላ እባላለሁ። ጎጆ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ድንቅቱ አዋላጅ ነርስ ሆና በ2011 ዓ.ም. ወደ እኛ ስትመደብ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ተቀብዬ ሻንጣዋን ያስገባሁላት እኔ ነኝ። ጀግና አይደለሁም። ይህን ቆይታችሁ ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ጉልበቷ በብሎን ተገጥሞ ድኗል ቢባልም የዳነው በከፊል ነው። ዳገት ትወጣለች፣ ሜዳውንም ትሄዳለች፤ ቁልቁለት ሲሆን ግን እንደ ላላ ማጠፊያ እየከዳ ይጥላታል። የጎጆ ዙሪያ ደግሞ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ከጤና ጣቢያው የሁለትና የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ የሚርቁ ቀበሌዎች አሉ። ምጥ የያዛት ሴት አለች ተብሎ ስትጠራ በዱላ እየተደገፈች፣ አንዳንዴም በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች ትወርድ ነበር። ቀሚሷን በጭቃ ለውሳ የደረሰችባቸው ቤቶች አሉ፤ ዘግይታ የደረሰችባቸውም አሉ። አንዷ እናት እሷ ከመድረሷ በፊት ደሟ ፈስሶ አለቀ። ከዚያች ቀን በኋላ ነው ድንቅቱ ሳይክል መፈለግ የጀመረችው።

ሐሳቡ የመጣላት ከሕክምናዋ ነው። አምቦ ሳለች ጉልበቷን የሚያንቀሳቅስላት ባለሙያ አንድ ቀን ቋሚ ብስክሌት ላይ አስቀምጧት ነበር። ፔዳሉን ስታዞር ጉልበቷ ዝም አለ። ክብደቷን መቀመጫው ተሸከመው፤ ለጉልበቷ የቀረለት ሥራ መዞር ብቻ ነበር።

አምቦ፣ ገበያው ጀርባ፣ ጋሽ ይገዙ የሚባሉ አዛውንት በያጅ አሉ። በር፣ መስኮት፣ የጋሪ ዘንግ ይበይዳሉ። ድንቅቱ ገብታ ዓይኗን ስታማትር ግድግዳው ላይ አንድ አረንጓዴ ሳይክል ተሰቅሎ አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ ሳይክል የማን ነው?»

«የፈረንጅ ነበር። አሁን የሸረሪት ነው» አሏት። አፍሪካን በሳይክል አቋርጣለሁ ብሎ የመጣ ሰው ጉደር ቁልቁለት ላይ ወድቆ ትከሻው ተሰበረ። ጋሽ ይገዙ አንስተው ቤታቸው አሳደሩት። በአውሮፕላን ወደ አገሩ ሲመለስ ሳይክሉን ለእሳቸው ተወላቸው።

«ዳገት ያወጣል?»

«የት ነው የምትወጪው?»

«ጎጆ።»

ጋሽ ይገዙ የብየዳ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «ጎጆ? የጭነት መኪና የሚያለቅስበት መንገድ?» ዝቅ ብለው እግሯን አዩ። ከዚያ ሳይክሉን አወረዱና ቴላዮውን፣ ጎማውና መሪው የሚገጠሙበትን የሳይክሉን አጥንት፣ በብሎን መፍቻ ኪያቤ መቱት። ብረቱ እንደ ደወል ጮኸ። «ሰማሽው? ጥሩ ብረት ነው። ቀጭን ነው፣ ግን አይዋሽም። እነዚያ የሚያብረቀርቁት አሉሚኒየም የሚባሉት ሲሰበሩ ይጣላሉ። ይሄን ግን ጊንጪም ሆነ ሸነን፣ እሳት ያለው በያጅ ሁሉ ያክመዋል።»

ችግሩ ጎማው ነበር። የፈረንጁ ጎማ ትልቅና ቀጭን ነው፤ ልኩ አምቦ ቀርቶ አዲስ አበባም በመከራ ነው የሚገኘው። ጋሽ ይገዙ ገበያ ላይ የሞላውን የሃያ ስድስት ቁጥር ቸርኬ አምጥተው ገጠሙ። ቸርኬው ስላነሰ የድሮው ፍሬን ጠርዙን አልደርስ አለ፤ እሱን ቆርጠው ጣሉና ዝቅ አድርገው አዲስ መያዣ በነሐስ በየዱለት። እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘውን መሪ በሰፊና ቀጥ ባለ መሪ ለወጡት። ትልቁን የፊት ጥርስ አውጥተው በትንሽ ተኩት፤ እግር ብዙ ይዞራል፣ ሳይክሉ ቀስ ይላል፣ ዳገቱ ግን ይወጣል። በመጨረሻ ከስምንት ቁጥር ቶንዲኖ፣ ቤት ሲሠራ ኮንክሪት ውስጥ ከሚገባው ብረት፣ ረጅም የኋላ ዕቃ መጫኛ ሠሩለት።

«ይሄ ምን ይሸከማል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሰው» አሏት። «የምታዋልጂው ሰው አይደል?»

ድንቅቱ የመጀመሪያውን ወር ጉልበቷን ሳይሆን መቀመጫዋን እያመማት አሳለፈች። ቀጥላ መቀመጫውን በሰፊ ቀየረችው፤ መጫኛው ላይ ጣውላ አስቸነከረችና ስፖንጅ አሰረችበት፤ ግራና ቀኝ እግር ማሳረፊያ አስበየደች። ጎማውን በየክረምቱ ጥርሱ በገነነ ትለውጣለች። ካላማዳሪ የሚባለውን መለዋወጫ የውስጥ ላስቲክ፣ ጎማ መንፊያና ሁለት ኪያቤ ከአዋላጅ መቀሷ ጋር በአንድ ቦርሳ ነው የምትይዛቸው።

ገጠሩ ግን ወዲያው አልተቀበላትም። ሴት ልጅ በብረት ላይ እግሯን ስታወራጭ አይተው የማያውቁ ሰዎች ውሻ ለቀቁባት፤ ድንጋይም ወረወሩባት። አንዱ ድንጋይ ቅንድቧን ተርትሮ ጠባሳው አሁንም አለ። ያን ቀን ሳይክሏን አቆመች፤ ደሙን በመዳፏ ይዛ ወደ ወረወረው ጎልማሳ ሄደች።

«ሚስትህ የዛሬ ዓመት የወለደችው በማን እጅ ነው?»

ሰውየው ወደ ቤቱ ደጃፍ ዞሮ አየ።

«በል ሁለተኛውን ድንጋይ አንሳ፤ ወርውር።»

አልወረወረም። ከዚያ በኋላ በዚያ ቀበሌ ማንም አልወረወረባትም።

አመዩ ግን ከሁሉም የተለየ ነበር። ከጎጆ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር፣ በሬ የሚያስቀና ጉልበት ያለው ገበሬ ነው። ሚስቱ ጉዴ ትባላለች። ጉዴን ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ አውቃታለሁ፤ ካርዷን ስታቀብለኝ እጅጌዋን እስከ ጣቷ ትጎትታለች። ለምን እንደምትጎትት ጤና ጣቢያው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ መንገዱ በተኩስ ምክንያት ተዘግቶ፣ አምቡላንሱ ቆሞ፣ በአካባቢው ሞተር ብስክሌት መንዳትም ተከልክሎ ነበር። የጉዴ ጎረቤት ረፋዱ ላይ ደወለች። «ገድሏታል መሰለኝ» አለች። ድንቅቱ ዘጠኙን ኪሎ ሜትር በዝናብ ሄደች። ጉዴ ከብቶቹ ዘንድ፣ ጥግ ላይ ሆዷን አቅፋ ተኝታ ነበር። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አመዩ በመጥረቢያ እጀታ ነበር የደበደባት፤ ጀርባዋን፣ ዳሌዋን፣ በመጨረሻም ሆዷን። ደብድቧት አረቄ ቤት ሄዷል።

ጎረቤቶቹ ጉዴን አንስተው ቶንዲኖው ላይ አስቀመጧት፤ በነጠላ ከድንቅቱ ወገብ ጋር አሰሯት። ሳይክሉ ሁለት ሰውና አንድ ያልተወለደ ልጅ ተሸክሞ በጭቃው ሄደ። ዳገቱ ላይ ሁለት ሴቶች ከኋላ ገፉት። ድንቅቱ ትኩስ ደም በጀርባዋ ሲወርድ ይሰማት ነበር። «አትተኚ፣ ጉዴ። ስሜን ጥሪ» ትላታለች። ጉዴ እየደከመች «ድንቅቱ፣ ድንቅቱ» ትላለች።

ልጁ ሞቶ ነበር። የእንግዴ ልጁ በምቱ ከማኅፀን ተላቆ ነበር። ድንቅቱ ደሙን ለማቆም ስትታገል ዋለች። ጉዴ ተረፈች፤ ልጁን በጨርቅ ጠቅልለን ለአመዩ ዘመዶች ሰጠን።

በማግስቱ ጠዋት አመዩ መጣ። ድንቅቱ ግቢው ውስጥ ሳይክሏን ከጭቃና ከደም እያጠበች ነበር። ዘበኛችን ረጋሳ «ወዴት ነህ?» ብሎ እጁን ሲዘረጋ አመዩ በመጥረቢያው ጀርባ ትከሻውን መታው። ረጋሳ በሩ ላይ ተዘረጋ። በመስኮት አየሁት። ከዚያ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፤ ከካርድ መደርደሪያው ሥር ገባሁ። አልዋሽም። አቧራው ውስጥ ተኝቼ፣ በሩ ሥር ባለው ክፍተት የሰው እግር ብቻ እያየሁ ነበር፤ የቀረውን ኋላ ነው የሰማሁት።

«ልጄን ገድለሽ፣ ሚስቴን ሰርቀሽ!» ይላል አመዩ።

«ሚስትህ ውስጥ ናት። አትገባም» አለችው።

መጥረቢያውን ሲያነሳ ሮጣ ማምለጥ እንደማትችል ታውቃለች፤ ጉልበቷ የት ያደርሳታል? ሳይክሉን በሁለት እጇ አንስታ በመካከላቸው አቆመችው። መጥረቢያው ከመቀመጫው ወደ መሪው የሚሄደው የላይኛው ብረት ላይ ወረደ። ቀጭኑ ብረት ተቀዶ ስለቱን ዋጠው፤ መጥረቢያው እዚያው ተቀረቀረ። አመዩ ሊነቅል ሲስብ፣ እሷ ደግሞ መሪውን ይዛ ሳይክሉን ባላት ኃይል ጠመዘዘችው። እጀታው ከእጁ ተፈልቅቆ ወጣ። በቡጢ አፏን መታት፤ ሁለት ጥርሷ ረገፈ። መሪውን ግን አልለቀቀችም። ሳይክሉን ከነተሰካበት መጥረቢያ ደረቱ ላይ ገፋችው። ወደ ኋላ ወደቀ። ይህን ጊዜ የመንደሩ ሰው በጩኸቱ ደርሶ ግቢው ሞላ። አመዩ አጥር ዘሎ አመለጠ።

ከመደርደሪያው ሥር ስወጣ ድንቅቱ ደሟን እየተፋች አየችኝ። «ልብስህ ላይ አቧራ አለ» አለችኝ።

አመዩ አልተያዘም። ጭልሞ ደን አካባቢ መንገደኛ ከሚዘርፉ ሰዎች ጋር ገባ መባሉን ሰማን። ጉዴ ጊንጪ እህቷ ዘንድ ሄደች። ሳይክሉ ደግሞ ድንች በጫነ መኪና አናት ላይ ታስሮ አምቦ ወረደ።

ጋሽ ይገዙ ቁስሉን በጣታቸው ዳሰሱት። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ብረት ሲሰበር አይቻለሁ» አሉ። «መጥረቢያ የቀማ ብረት ግን አላየሁም።» የተቀደደውን ቆርጠው አወጡ፤ በውስጡ ወፍራም ቱቦ ሰኩና በነሐስ ዙሪያውን አጠጡት። ቀለም ልቀባው ሲሏት እንቢ አለች። ቢጫው የነሐስ ቀለበት እንደ ጠባሳ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ይታይ አለች።

ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በ2015 ዓ.ም. ግንቦት፣ ድንቅቱ ከጊንጪ የክትባት ሳጥንና የደም ማቆሚያ መርፌ ጭና ትመለስ ነበር። ጠራራ ፀሐይ ነው። መንገዱ ደኑን ታክኮ ዳገት ሲጀምር ሳይክሉ በእግረኛ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ከጽዱ ሥር ሁለት ሰዎች ወጡ። አንደኛው አመዩ ነበር። ከስቷል፤ ጺሙ አድጓል፤ ብርድ ልብስ ደረቱ ላይ ቋጥሮ ለብሷል። አሮጌ ምንሽር ይዟል።

«አካም ጅርታ፣ አዴ ሐኪም?» አላት። እንደ ጎረቤት ነው ደህንነቷን የጠየቃት።

ሌላኛው ሰው ሳጥኑንና ስልኳን ወሰደ። «ቶሎ ጨርስ፤ ሚሊሻዎቹ ሩቅ አይደሉም» ብሎት ወደ ደኑ ገባ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ልጄን ያወጣው የትኛው እጅሽ ነው?»

«ሁለቱም» አለች። «ሞቶ ነው የወጣው። የገደልከው አንተ ነህ።»

ግራ እጇን ይዞ ቶንዲኖው ላይ አስተኛው፤ በሰደፉ መታው። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ጩኸቷ ቆመ፤ መተንፈስም አቅቷት ነበር። ጣቶቿ ወደማይሆን አቅጣጫ ዞረው አየቻቸው።

«አሁን ቅደሚ» አላት። መንገዱን የሚለቅ፣ ወደ ገደሉ የሚወርድ የእንጨት ለቃሚዎች መንገድ አለ። ለምን ወደዚያ እንደሚወስዳት ገብቷታል። አራት እርምጃ እንደወረደች ጉልበቷ ከዳትና ወደቀች። በእርግጫ አነሳት። እንደገና ወደቀች።

«ቁልቁለት በእግሬ አልችልም» አለችው። «ሳይክሉ ላይ ከሆንኩ እወርዳለሁ።»

አመዩ ሳቀ። «እሺ፤ ተቀመጪ። አብሮሽ ይቀበራል።» እንዳታመልጥ በግራ እጁ መጫኛውን ያዘ፤ በቀኙ ጠመንጃውን። እሷ በቀኝ እጇ የፊት ፍሬኑን ብቻ ይዛ መውረድ ጀመረች። ሰውየው ከኋላ እየተራመደ፣ ከዚያ ሶምሶማ እያለ ተከተላት። ከዚያ ፍሬኑን ለቀቀችው።

ያሰበችው ከእጁ እንዲያመልጥላት ብቻ ነበር። አመዩ ግን አልለቀቀም፤ እየተጎተተ ሮጠ። ጎንበስ ሲል የብርድ ልብሱ ጫፍ የኋላ ቸርኬው ውስጥ ገባ። ቸርኬው ጨርቁን እንደ ፈትል እየጠቀለለ ዋጠው፤ ደረቱ ላይ ያለው ቋጠሮ አልፈታ አለ፤ ሰውየውን ሳበው። ቸርኬው ተቆለፈ፤ ሳይክሉ ተገለበጠ፤ ሦስቱም፣ ሴትየዋና ሰውየው ብረቱም፣ አንድ ላይ ተንከባለሉ። በመካከል ምንሽሩ ጮኸ። ጥይቱ ቅጠል በትኖ ሄደ።

ስትነቃ አፏ አፈር ሞልቶታል። አመዩ የተቆረጠ ግንድ ላይ ወድቆ ነበር። የጭኑ አጥንት ሱሪውን ቀድዶ ወጥቷል። ደሙ ይፈስሳል። ጠመንጃው በመካከላቸው ወድቋል። ተሳበችና በቀኝ እጇ አነሳችው።

አመዩ አያት። አልለመናትም። «ተኩሺ» አላት።

ይህን የነገረችኝ ከወራት በኋላ ነው፤ ዓይኔን እያየች። «ሳብኩት፣ ቀጀላ። ቃታውን ሳብኩት። ግንባሩ ላይ አነጣጥሬ ሳብኩት። ዝም አለ።»

ባዶ መስሏት ወረወረችው። በኋላ ሚሊሻዎቹ ሲፈትሹት ግን ውስጡ ሦስት ጥይት ነበር። አሮጌ ምንሽር ነው፤ አንዴ ከተኮሰ በኋላ ካላቀባበሉት አይተኩስም። ድንቅቱ ማቀባበል አታውቅም ነበር፤ የዚያን ሰው ነፍስ ያተረፈው ይህ ብቻ ነው።

ተነስታ ወደ ላይ መውጣት ጀመረች። ጥቂት እንደሄደች ከኋላዋ «ማሎ» ሲል ሰማችው። እባክሽ ማለቱ ነው። መውጣቷን ቀጠለች። ደግሞ «ማሎ» አለ፤ ይህኛው ድምፁ ደከም ያለ ነበር። የሚደክም ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ከሥራዋ ታውቀዋለች። ተመለሰች።

ቦርሳዋን ከሳይክሉ ፈታች። መለዋወጫውን ካላማዳሪ አውጥታ፣ አንዱን ጫፍ በጥርሷ ይዛ፣ ከቁስሉ በላይ ጭኑን ጠፍራ አሰረችው። ጎማ መንፊያውንና ሁለት እንጨት መደገፊያ አድርጋ እግሩን አጣበቀችው። ሲጮህ «ዝም በል» አለችው። ለእሱ የተናገረችው ቃል ያ ብቻ ነው። ከዚያ ቸርኬው ውስጥ የተጠቀለለውን ብርድ ልብስ እትብት በምትቆርጥበት መቀስ እየቆራረጠች አወጣችው። አምስት ራጂ፣ የቸርኬው ቀጭን ሽቦ፣ ተበጥሷል፤ የፊቱ ሹካ ወደ ኋላ ታጥፏል። ቸርኬው እየተወላገደ ፍሬኑን ስለነካ የኋላ ፍሬኑን ፈታ ጣለችው። እየገፋች መንገዱ ላይ አወጣችውና በአንድ እጅ እየነዳች የመጀመሪያው መንደር ደረሰች። «እታች ገደሉ አፋፍ ላይ የቆሰለ ሰው አለ» አለቻቸው። ገበሬዎቹ ቃሬዛ ይዘው ወረዱ፤ ሚሊሻዎቹም ተከተሉ።

ከሰዓት በኋላ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ሰው ቆመ። ቀና ስል ድንቅቱ ናት። ፊቷ አብጦ፣ ግራ እጇ በሻሽ ተጠቅልሎ።

«ካርድ አውጣ» አለችኝ።

«የማን?»

«የአመዩ። ቀጥሎ የኔ።»

ስሙን ሁለቴ ተሳስቼ ሰረዝኩት።

አመዩ ሕይወቱ ተርፎ እግሩ ተቆረጠ። ክሱ ሲጀመር ዘመዶቹ ሽማግሌ ሰብስበው ጤና ጣቢያው መጡ። ነጭ ጺም ያላቸው ሰዎች ተራ በተራ መረቋት። ጉዳዩ በአገር ወግ እንዲያልቅ ፈለጉ። «ኢንታላ ኮ» አሏት ታላቁ፤ «ልጄ፣ እግሩን አጥቷል። ከዚህ በላይ ምን ይቀጣ?»

«አባቶቼ፣ እኔ ሁለተኛ ነኝ» አለቻቸው። «መጀመሪያ የተመታችው ጉዴ ናት። እሷ ከታረቀች እኔም እታረቃለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ጊንጪ ወረዱ። ጉዴ አስቀምጣ ሰማቻቸው። ከዚያ ተነስታ፣ ያን ሁልጊዜ የምትጎትተውን እጅጌ እስከ ክንዷ ሰብስባ፣ ያልገጠመውን አጥንቷን አሳየቻቸው። «ይሄ የ2009 ነው» አለች። ሌላኛውን ክንድ ሰበሰበች። «ይሄ የ2012። የ2013ቱን ደግሞ ቀብራችሁታል፤ የት እንደቀበራችሁት እናንተ ታውቃላችሁ።» ሽማግሌዎቹ ምርቃት ሳይጨርሱ ተነሱ።

ችሎት ላይ ሁለቱም መሰከሩ። ተከላካዩ ጠበቃ ድንቅቱን ለማፋጠጥ ብሎ «ጠመንጃውን ካነሱት በኋላ ምን አደረጉ?» አላት። እንዳትናገር የመከሯት ነበሩ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ።

«ቃታውን ሳብኩ።»

ዳኛው መጻፋቸውን አቆሙ። «ሊገድሉት?»

«አዎ፣ ክቡር ዳኛ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አመዩ ክራንቹን ተደግፎ ሳይፈቀድለት ተናገረ። «ዱጋ፤ እውነቷን ነው። ጣቷን አይቻለሁ። ተመልሳ እግሬን ያሰረችውም እሷ ናት።» ከዚያ ተቀመጠ። አሥራ አንድ ዓመት ተፈረደበት።

ከዚያ በኋላ ድንቅቱን በሌላ ዓይን የሚያዩ ሰዎች መጡ። የምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን ያሉ እህቶች ንስሐ ግቢ ብለው ያዟት። «ስለምኑ?» አለቻቸው። «ጥይቱ ወጥቶ ቢሆን ዛሬ ምን እንደምል አላውቅም። የማላውቀውን እንዴት ንስሐ እገባለሁ?» ያ ጥያቄ አሁንም እንደሚያስጨንቃት አውቃለሁ። አንዳንዴ ምሳ እየበላን ጉርሻዋ አፏ ደርሶ ይቆማል።

ግራ እጇ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሦስቱ ጣቶች ዳግመኛ አልታጠፉም። በእነዚያ ጣቶች ነበር ማኅፀን ውስጥ የተጣመመ ልጅ የምታቀናው። ፍሬን መያዝም አልቻለችም። ጋሽ ይገዙ፣ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ የታጠፈውን የፊት ሹካ በእሳት አሙቀው መለሱት፤ አዲስ ራጂ በጣታቸው እየቆጠሩ ገጠሙ። ከዚያ ሁለቱን የፍሬን ሽቦዎች በአንድ እጀታ ላይ አገናኝተው በቀኝ በኩል አሰሩላት፤ አንዴ ስትጨብጥ የፊቱም የኋላውም እኩል ይይዛል። ካምቢዮውንም ወደ ቀኝ አመጡላት። የማኅፀኑን ሥራ ግን ጋሽ ይገዙ ሊበይዱት አልቻሉም። እሱን ሃዊ ለምትባል አዲስ አዋላጅ እያስተማረችው ነው። ሃዊ መጫኛው ላይ ትቀመጣለች፤ ድንቅቱ ትነዳለች። ድንቅቱ በቃል ትመራለች፤ ሃዊ በእጇ ትሠራለች።

ባለፈው ኅዳር ከአመዩ ቀበሌ ተደወለ። ምጥ የጠናባት የአመዩ ታናሽ እህት ናት፤ የደወሉት እናቱ ናቸው። ሃዊ ስሙን ስትሰማ ድንቅቱን አየቻት። ድንቅቱ ጎማውን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችና ነፋችው። «ሳይክሉ ላይ ውጪ» አለቻት።

ቤቱ ውስጥ ማንም አላናገራቸውም። ልጁ በእግሩ ነበር የመጣው። ድንቅቱ አጠገቧ ተንበርክካ «አትሳቢ፣ ጠብቂ፣ አሁን ዙሪያውን ያዢ» እያለች ሃዊን መራቻት። ከረጅም ጊዜ በኋላ ሴት ልጅ ወጣች፤ ሰማያዊ ሆና፣ ከዚያ ጮኸች።

አሮጊቷ የአመዩ እናት ውኃ በጣሳ አመጡ። ለሃዊ አፈሰሱላት። ለድንቅቱ ሲያፈሱ የግራ እጇን አዩት። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡ፤ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙና እነዚያን የማይታጠፉ ጣቶች አንድ በአንድ አጠቡላት። አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ድንቅቱም እጇን አልነጠቀቻቸውም።

«ታዲያ አሮጊቷን ምን አልሻቸው?» አልኳት፣ የሕፃኗን ካርድ ስሞላ።

«ምንም» አለችኝ። «ውኃው ቀዝቃዛ ነበር።»